አባቴ የተረጎመው ፊልም

ከጂንካ በወጣሁበት ዋዜማ ሻንጣዬን ማሰር ትቼ ቪዲዮ ቤት ነበርኩ። ጎረቤቱ ሊሰናበተኝ መጥቶ አጥቶኛል፤ ዛሬም ድረስ የሚቀየሙኝ አሉ። እኔ ግን ያን ፊልም ለመጨረሻ ጊዜ በአባቴ አፍ ልስማው ብዬ ከአግዳሚው አልነሳም አልኩ። በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና እንግሊዝኛውን በአማርኛ ይነግረናል። ፊልሙን የጂንካ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ኮከብ ሲጓዝ መንኮራኩሩ ለሁለት ይሰበራል። እናትየው በአንዱ ግማሽ ትቀራለች፤ ልጅቷ በሌላው፣ ሰሃን ባጠበ ቁጥር ከሚሰብር የብረት ሰውዬ ጋር። እየተራራቁ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ልጅቷ ተናግራ ስትጨርስ ሁሌ «ኦቨር» ትላለች፤ አባቴ «አለቀ» ይላል። መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ አለሽ? አለቀ» ትልና ፊልሙ ይቆማል። አለቀ ተብሏላ! ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ይወጣል። ከበና ገጠር የሚመጣ፣ አማርኛው ገና ያልጠና አንድ ማር ሻጭ ብቻ በየቅዳሜው አባቴን በር ላይ ይይዘዋል።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ ዛሬም አልመጣ?»

«አልመጣችም።»

«እሺ፣ ቅዳሜ እንደገና አያለሁ።»

ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አልጽፍም፤ የጻፉ አሉ። ይህን ብቻ ልበል፤ ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ተዘግቶብን ሳለ ፊልሙን በአባቴ አተረጓጎም ደጋግሜ ተርኬዋለሁ። የብረቱ ሰውዬ ሰሃን ሲጥል በእጄ ሳሳይ አማርኛ የማይሰማው ሶማሌ ሳይቀር ይስቅ ነበር። እዚያ ሳቅ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል።

አሁን ያለሁት ጀርመን ነው። ማንጎው ከድንች ይጠነክራል። ዝናቡ እንደ ጂንካ ዝናብ ዘንቦ አይሄድም፣ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል። ቀጠሮን ተርሚን ይሉታል፤ ያለ ተርሚን ምንም የለም። የውጭ ዜጎች ቢሮ ስሄድ በር ላይ ያለችው ሴትዮ «ተርሚን አለሽ?» አለችኝ።

«የለኝም፤ ለመያዝ ነው የመጣሁት።»

«ያለ ተርሚን እዚህ አይገባም።»

«ታዲያ ተርሚን የት ነው የሚያዘው?»

«እዚህ።»

የኛ አገር ቢሮ ቢያንስ «ነገ ተመለሽ» ይላል።

አከራዬ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። በር ቀስ ብለሽ ዝጊ፣ ሻወር ቶሎ ጨርሺ ስትል ነው የምትውለው። ባለፈው ገና ግን ጠራችኝና ሶፋው ላይ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ለካ ያ ፊልም በየዓመቱ ለገና በቴሌቪዥን ይታያል! ከልጅነቷ ጀምሮ አምልጧት አያውቅም። ጂንካ በሚሳቅበት ቦታ ሳቀች፣ ጂንካ ዝም በሚልበት ቦታ ዝም አለች። እንዴት ያለ ፊልም ነው! የሚገደል የለም፣ የሚሰደብ የለም፤ የምትናፍቅ ልጅና የምትፈልጋት እናት ብቻ። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ አላረጀም።

ልጅቷ ግን በጀርመንኛው «ኮመን» ነው የምትለው። ኮመን መምጣት ማለት ነው። ማንን ነው ነይ የምትለው ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንንም። የሬዲዮ ንግግር ነው፤ እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁን አንቺ ተናገሪ ማለት ነው» አለችኝ።

ክው አልኩ። አለቀ አይደለም! ልጅቷ የእናቷን መልስ እየጠበቀች ነው ፊልሙ የሚቆመው። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ባባቴ ስህተት ነው።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ ፊልሙን በከተማው አዳራሽ እንደገና እንዲተረጉም ተጋብዟል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳይቀሩ ይመጣሉ። እንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ሰዎች ፊት «አለቀ» ሲል ታየኝ። በስተርጅናው መሳቂያ ሊሆን ነው። በሌላ በኩል የገዛ ልጁ ተሳስተሃል ትበለው? ሁለት ቀን ስልኩን ሳነሳ ሳስቀምጥ ቆይቼ ሐሙስ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ኦቨር እኮ አለቀ ማለት አይደለም።»

ይቀየመኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለ። «ገና ያኔ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ ይይዝ የነበረ ሰው ነግሮኛል።»

«ታዲያ?»

«አስተካከልኩታ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ‹ተራው ያንቺ ነው› ብዬ ተረጎምኩ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጋሼ፣ በደንብ ተርጉም እንጂ አሉኝ። ምን ላድርግ፣ መለስኩት።»

«መምህራኑ ቢስቁብህስ?»

«ግማሾቹ እዚሁ ያደጉ ናቸው። አለቀ ባልል ነው የሚጣሉኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ይልቅ አንቺ፣ በጀርመንኛ ስታዪው አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«በይ እንግዲህ! የኔው ይሻላል።»

መቼ እንደምመጣ ጠየቀኝ። ወረቀት ሳይሰጡኝ ከዚህ መውጣት እንደማልችል እንደገና ነገርኩት፤ እሱም እንደገና እሺ አለ። አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። የገና ዕለት ከአከራዬ ሳሎን ወጥቼ ክፍሌ ስገባ ፊልሙን በስልኬ ከፍቼ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ እንደ አዲስ አይቼዋለሁ፤ እያንዳንዷን ቃል በሱ ድምፅ እየሰማሁ። ያን ጊዜ አልቅሻለሁ።