ያልተለካው የይታይሽ ክንድ

መጀመሪያ ያበጠው እግሯ ነው። ገብስ አጭደን እንደ ጨረስን ለባለቤቴ ለይታይሽ ጫማዋ እምቢ አላት። ድካም ነው አልኋት። ከሳምንት በኋላ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተሸፈነ፤ ሽንቷም አነሰ። ከገሳይ መኪና ይዘን ደብረ ታቦር ገባን። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል፣ ዲያሊሲስ ያስፈልጋታል አሉን። ደሟ በማሽን እየታጠበ ይመለስላታል ማለት ነው።

ማሽኑ ደም የሚቀዳበት በር ይፈልጋል። ለይታይሽ አንገቷ ላይ ካቴተር የሚሉትን ቱቦ አስገቡላት። በዚያው ሳምንት አቶ ሙላት የሚባል የወፍጮ ባለቤት እንደሷው ታሞ መጣ። ለሱ ክንዱን ከፍተው ሁለት የደም ሥሮች አገናኙለት፤ ፊስቱላ ይሉታል። ከአንገት ቱቦ ይልቅ የሚቆየው፣ እንደሱም ቶሎ የማያመረቅዘው ይኸ ነው ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ።

የሷስ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ክንዷን አላሰረም፣ አልዳሰሰም።

«የሴት ደም ሥር ቀጭን ነው አባቴ፤ ለሷ አንገቷ ይበቃታል» አለኝ።

የነገረው ለኔ ነው። እሷ አጠገቤ ቆማለች። በአንገቷ ቱቦ እንድትቀጥል የሚል ወረቀት ሰጠኝ። በኛ አገር ለሚስት ባል ይፈርማልና ስሜን እንደምንም ጻፍሁ።

ቱቦውን ውኃ እንዳይነካው ብለውን ነበር። ጠበልን ውኃ ነው ብሎ ማን ያስባል? ጣራ ገዳም ወስጄ አስጠመቅኋት። እኔው ራሴ።

በአራተኛው ቀን አንቀጠቀጣት። ትኩሳት። ከቱቦው ሥር መግል። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል አሉ። ስሟን ጠራሁ። አልመለሰችም። ደግሜ ጠራሁ። ሁለት ቀን አላወቀችኝም።

አቶ ሙላት ማዶ አልጋ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ሬዲዮ ይሰማል። ምንም አላደረገኝም፤ ጠላሁት። በሐኪሙ ላይ ግን ቂም ያዝሁ። የኛ አገር ሰው ቂም ሲይዝ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እኔም አሰብሁት። ጉልበቴ ሰባ ዓመት አልፎታልና ሌላ መንገድ ፈለግሁ።

እንደ ነቃች የተመረዘውን አውጥተው በሌላው ጎን ጊዜያዊ ቱቦ ሊያስገቡ ወረቀት ይዘው መጡ። ክንዷ ሳይለካ አልፈርምም አልሁ። ነርሷ ጊዜ የለንም ብላ ለመነችኝ። አሻፈረኝ አልሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሐኪም ማሸነፌን ብቻ እያሰብሁ እሷን ረስቻት ነበር።

ይታይሽ ባለቀ ድምፅዋ፣ «ክንዱም አንገቱም የኔ፤ ፊርማው ያንቱ የሆነ በየትኛው ዳኛ ነው?» አለችኝ። ወደ ነርሷ ዞራም፣ «አምጭው ልጄ። ክንዴን እንዲለኩልኝ ግን እዚያው ላይ ጻፊበት» አለቻት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ቱቦው ገባ። መድኃኒቱም ትኩሳቱን አበረደላት። ሲሻላት ሌላ ሐኪም፣ ወጣት ሴት፣ ክንዷን በላስቲክ አሥራ በአልትራሳውንድ አየችና፣ «እማማ፣ ይኸ እኮ ደህና ክንድ ነው» አለቻት። ከዚያ በኋላ ክንዷ ተሠርቶ፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ እሷም የጨርቅ ኳስ እየጨመቀች ደም ሥሩ እስኪጠነክር ሁለት ወር ጠበቀች። ጣት ሲያሳርፉበት እንደ ንብ የሚል ንዝረት አገኘን። በመጨረሻም ማሽኑ በክንዷ ሠርቶ የአንገቷ ቱቦ ሲወጣ እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቷን እየነካካች ሳቀች።

ያን ሐኪም መተላለፊያው ላይ ስናገኘው እጅጌዋን ሰብስባ፣ «ያ ቀጭኑ ይኸውልዎ ዶክተር፤ ይዳስሱት» አለችው። ዳሰሰው። «ጥሩ ይሠራል» ብሎ ሄደ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ለዚያች ሐኪም፣ ለነርሷም እድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ግን፣ ደም ሥሯ ቀጭን የሆነባት ሴት ትኖር ይሆናል፤ ቀጭን የሆነበት ወንድ እንዲሁ አለ። ሳይለካ አትቀበሉ። ንግግሩ ለባል ሳይሆን ለታማሚዋ ይሁን። ቱቦ ያለበትን ገላ ጠበልም ቢሆን አይንካው፤ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ያውም ሐኪም የፈቀደላችሁን ያህል። የተሠራውን ክንድ ከማሽኑ መርፌ በቀር ሌላ መርፌም የደም ግፊት መለኪያም አታስነኩት።

የንስሐ አባቴ ያን ሐኪም ይቅር በለው ብለውኛል። እያሰብሁበት ነው። ደሟ ሲታጠብ እኔ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሐኪሙም በዚያው ያልፋል። እንደምን ዋሉ ይለኛል። ከመቀመጫዬ አልነሣለትም።