ለሞተር ቃጠሎ የተጠራ አውጫጭኝ

ያን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላመካኝም። ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ የአጥቢያ ዳኛው ጸሐፊ ነበርሁ። ቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ትምህርት ጀምሬ ሳልዘልቀው ወጥቼ፣ ከትምህርቱ የተረፈኝ ያማረ የእጅ ጽሕፈትና ከጽሕፈቱ የበለጠ ትዕቢት ነበር። ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ ሰው «አጠር አድርገው» ካለኝ እልህ ይዞኝ አስረዝመው ነበር።

ነገሩን ያመጣችው የጭነት መኪና የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ናት። ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። ገብስና ባቄላ ጭና ደብረ ታቦር ትሄዳለች፤ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ይዛ ትመለሳለች። ሀጂ አስመራ ካለ ሻጭ ኩባንያ አዲሷን ነው የገዟት፣ ከነዋስትና ወረቀቷ። በመጀመሪያው ዓመት የሚደርስባትን ብልሽት ኩባንያው ይጠግናል ይላል ወረቀቱ። ሀጂ ያን ወረቀት ከልጃቸው የኒካ፣ የጋብቻ ወረቀት ጋር በአንድ ሳጥን ቆልፈው ነበር የሚያስቀምጡት።

ሾፌሩ ጎንደር ከተማ ያደገ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎም የሚበርድ ሰው ነበር። ምጥ የጠናባትን ሴት በሌሊት ቢሉት በሌሊት፣ በቀን ቢሉት በቀን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያደርሳል፤ ሳንቲም አይቀበልም። ስለዚህ ወደድነው። አንድ ነገር ግን አልወደድንለትም፦ ሲጋራ ያጨሳል። በእኛ አገር ያን ጊዜ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ መልአክ ቢሆን እንኳ ክንፉ ጠቁሯል ይባላል።

ለመጀመሪያው ሰርቪስ አስመራ ወስዷት ሲመለስ ተናዶ ነበር። ሀጂ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠን ሲያወራ እሰማዋለሁ።

«ቤንዚን ይሸተኛል አልኋቸው። ነጭ ካፖርት የለበሰው የኩባንያው ሰውዬ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ‹አዲስ መኪና ይሸታል፤ እያደር ይለቅቃታል› ብሎ የሰርቪስ ወረቀቷ ላይ ማህተም መታልኝ። ይኸውላችሁ ማህተሙ!»

«አንተ ደግሞ በትንባሆ የደነዘዘ አፍንጫ ይዘህ ምን ሊሸትህ?» አልሁት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ መልሶ ግን «ይሸታል ወንድሜ» አለኝ።

በታኅሳስ፣ በገበያ ቀን፣ ከከተማው ወጥታ ዳገቱን ስትይዝ ከኮፈኗ ጭስ ወጣ፤ ወዲያው ነበልባል። ከመንገዱ በታች አውድማ ላይ ገብስ ይወቃል ነበርና ሰዉ መንሹን ጥሎ ሮጠ። እኔም ሮጥሁ። ለወቂዎቹ የመጣ ጠላ በእንስራ ነበር፤ አንሥተው ደፉበት። እሳቱ ከጠላው ጋር ተንሳፍፎ ወደ እግራችን ወረደ፤ ትልልቅ ሰዎች እንደ ፍየል ዘለልን።

«አፈር! አፈር በሉበት!» እያለ ሾፌሩ ይጮኻል። በላይዳ አፈር እየዛቁ ቀበሩት። ሞተሩ ከሰል ሆነ። ሾፌሩ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ መንገድ ዳር ቁጭ አለ፤ ከኪሱ ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰ። ያን ጊዜ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ፍርዱ እዚያው መንገድ ዳር አለቀ።

ለኩባንያው ደብዳቤ የመጻፉ ሥራ የእኔ ሆነ። የመጀመሪያውን በሁለት ገጽ ጻፍሁ፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ከወር በኋላ በሁለት መስመር መለሱ፦ የሞተሩን ቁጥር ላኩ። ላክን። ደግሞ መለሱ፦ መኪናውን ለምርመራ አስመራ አምጡ።

«በምን ላምጣት?» አሉ ሀጂ። «ሞታ እኮ ነው ያለች! ሬሳ በእግሩ ሄዶ ይቀበራል እንዴ?»

ይህንኑ በትሕትና ለውጬ ጻፍሁላቸው። ሦስተኛው ደብዳቤ ግን ቀልድ አልነበረም። እሳቱ በማንና በምን ምክንያት እንደተነሣ በአካባቢው ዳኛ ተረጋግጦ ይላክልን ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ የሾፌሩ ቸልተኝነት ሆኖ ከተገኘ ኩባንያው ኃላፊነት የለበትም፤ ሾፌሩም በሕግ ይጠየቃል።

ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ከምጽፍበት ቤት ድረስ መጣ። «ስማኝ» አለኝ፣ «የቤንዚኑ ቱቦ ያንጠባጥብ ነበር ብለህ ጻፍልኝ። ይሸታል ብዬ ነግሬያቸው ነበር በል። የሄድሁበት ቀን በማህተሙ ላይ አለ።»

«እሺ» አልሁት። በልቤ ግን፣ የተያዘ ሰው የማይለው የለም እያልሁ ነበር። አሳዘነኝ፤ ማመን ግን አላመንሁትም።

ዳኛው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ነገር አይተዋል፤ ሞተር ግን ዳኝተው አያውቁም።

«እሳት ያነሣ ሰው የሚገኝበትን መንገድ የማውቀው አንድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አውጫጭኝ ይጠራ።»

የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ወጣ። በአውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም፤ የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ ሹክ ያለው ሰው «ወፍ» ይባላል እንጂ ስሙ አይነሣም። የጎተራ ቃጠሎ፣ የከብት ስርቆት ይወጣበታል። ለመኪና ሲጠራ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሾፌሩ የአገሩ ተወላጅ ስላልሆነ አልተጠራም፤ ሀጂ ሱቅ ሆኖ ይጠብቃል።

ሁዳዴ ነው። የእርሻው ጊዜ ደርሷል፣ በሬው ቆሟል፣ ሆዳችን ባዶ ነው። ሦስት ቀን ከተቀመጥን በኋላ ሽማግሎቹ ወደ ዳኛው መጡ። ወፍ ሁሉ የዘመረው አንድ ዜማ ነው፦ ሲጋራው። የእኔም ድምፅ ከዚያ ዜማ ውስጥ ነበረች።

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ማንም ደስ አላለውም። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ምራታቸውን ሾፌሩ ከነነፍሷ ሆስፒታል ያደረሰላቸው፣ ብድግ አሉ።

«ይህን ልጅ ለወህኒ አንሰጥም» አሉ። «ልጁ ባይኖር ዛሬ የልጅ ልጅ የለኝም። የጥንቱ ደንብ፣ ጥፋተኛው ካልተገኘ ጥፋቱ የአገር ነው አይደል የሚል? አልተገኘም በሉ። አገር ነው ያጠፋ በሉ።»

ዳኛው ከሰዉ መካከል ወደ ተቀመጡት ወደ ሀጂ ዞሩ። ሀጂ መሬቱን በዘንጋቸው ቧጨር አደረጉ። «እኔ የጎደለችብኝ መኪና ናት» አሉ፤ «ሰው አይጉደልብኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል በሕይወቴ ብዙ አልሰማሁም፤ እንባዬ መጣ። ደግሞም ሁላችንም በየዋህነታችን፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ካልሆነ ኩባንያው ይጠግናታል ብለን አሰብን። ደብዳቤው ያለው እንደዚያ መስሎናል። ብዕሬን አነሣሁ። እኛ የአጥቢያው ሰዎች ከመንገድ ዳር ገለባ ከምረን፣ ነፋስ ገለባችንን ወደ ሞተሩ አስገብቶት እሳቱን ሳያስነሣው አይቀርም፤ እናጥፋ ብለንም ጠላ ደፍተን አባባስነው፤ ሾፌሩ ግን ከዚህ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ ጻፍሁ። «ሳያስነሣው አይቀርም» የሚለውን ያስገባሁት በጾም ውሸት ፈርመዋል ብለው ቄሱ እንዳይገዝቱን ነው። ሰዉ በየተራ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አተመ። ስለ ቱቦውና ስለ ሽታው አንዲት ቃል አላስገባሁም። ከኩባንያ ጋር መጨቃጨቅ ምን ይረባል ብዬ ነው፣ ብል ግማሹን እውነት ተናገርሁ፤ ሌላው ግማሽ ግን ያው ስላላመንሁት ነው።

ለሾፌሩ «ነጻ ወጥተሃል» አልነው። በደስታ የሁላችንንም ትከሻ ሳመ። የጻፍሁት እሱ የነገረኝን መስሎት ነበር።

በግንቦት፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው፣ የኩባንያው መካኒክ በላንድሮቨር መጣ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ገራም ሰው ነው። መኪናዋ ሀጂ ግቢ ቆማ ነበርና የአውጫጭኙ ሰው ግማሹ ከነሾፌሩ እዚያ ተሰበሰበ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፤ ብዙም አልቆየ፣ በፒንሳ አንዲት የጠቆረች ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሣት። ጎኗ ላይ ቀዳዳ ነበር።

«ይችውና» አለ። «ከፋብሪካ ስትታሰር ተጣማ ነው የታሰረችው። ብረት ሲፈገፍጋት ከርሞ ተበሳች፤ ቤንዚኑ እያንጠባጠበ የጋለ ሞተር ላይ ወረደ። እንዲህ ያለ ሌላ ቦታም ገጥሞኛል።»

«ሲጋራስ?» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው።

«ጌታው፣ ኮፈን ውስጥ ገብቶ ማን ያጨሳል?»

ሀጂ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ ትጠገናለቻ!»

መካኒኩ ፊቱ ተለወጠ። ከላንድሮቨሩ ቦርሳውን አምጥቶ ወረቀት አወጣ። ከሩቅ አወቅሁት፤ የእኔ ጽሕፈት ነው፣ የአውራ ጣት አሻራው እንደ ጤፍ ፈሶበታል።

«ኩባንያው በዚህ ወረቀት መዝገቡን ዘግቷል» አለ። «አገሬው ያቃጠልኋት እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል፤ በሌላ ሰው ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ዋስትናው አይሠራም። እኔን የላኩኝ ተነቅሎ ለኩባንያው የሚሸጥ ዕቃ ይኖራት እንደሆነ እንዳይ ነው።»

«ያየኸውን ጻፍልን እንጂ!» አሉ ሀጂ።

«ደመወዝተኛ ነኝ አባቴ። በአፌ ነግሬያችኋለሁ፤ በእጄ ግን አልችልም።» ሲናገር ቀና ብሎ አላየንም፤ አልፈረድሁበትም።

ሾፌሩ እስከዚያ ድረስ ቱቦዋን ተቀብሎ ቀዳዳዋን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ፊቱ በርቷል። «ምን ብያችሁ ነበር!» ሊል አፉን ሲከፍት ወረቀቱ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«እስኪ አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብሁ። ስጽፈው ያኮራኝ ሐረግ ሁሉ አሁን አንደበቴን ያዘው።

«የቱቦውስ ነገር?»

«የለበትም።»

«ይሸታል ያልሁትስ? ማህተሙስ?»

«የለበትም።»

ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ያኔ ገባው። «ለካስ ሁላችሁም እኔ ያቃጠልኋት መስሏችሁ ነው የፈረማችሁት። ለካስ ምራችሁኝ ኖሯል» አለ። «ምን አጥፍቼ?»

ጀርባውን ሰጠን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ምሕረታችን ለእሱ ስድብ እንደሚሆን አንዳችንም አላሰብነው።

ምራታቸው የተረፈችላቸው እኒያ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሡና አንገታቸው ላይ ጫኑ። ቀጥሎ ዳኛው፣ ቀጥሎ ሀጂ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ። እኔም ከሁሉ የከበደውን ፈልጌ ተሸከምሁ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለን» አልን። እንደ ወጉ የተበደለው ሰው ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲያይ ቶሎ «አውርዱ» ይላል። እሱ ዞሮ አየን፤ «አውርዱ» ግን አላለም። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አንተ አውርድና ጻፍ።»

ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ የመካኒኩ የመፍቻ ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። «ለተከበረው» ብዬ ስጀምር፣ «እሱን ተወው» አለኝ።

«ለኩባንያው አይደለም እንዴ?»

«ኩባንያው ምን ያደርግልኛል! ለእኔ ነው። ያልሁትን ጻፍ።»

በሦስት መስመር ጻፍሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማንም ግን ድንጋዩን አላወረደም።

«አንብበው። ጮክ በል።»

«ሾፌሩ ቤንዚን ይሸታል ብሎ ነግሮን ነበር። እኛ አላመንነውም። እውነቱን ነበር።»

«ድገመው።»

ደገምሁት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ በአራት አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

«ይቅር ለእግዜር» አለ። ሄዶም የሽማግሌውን ድንጋይ በራሱ እጅ አወረደላቸው።