ከጨው የወጣ በረኪና

ያሰሩን ለሚ ኩራ፣ ገና ልስን ያልነካው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ልጄን ለምን እንደሚወስዱት ደጃፌ ላይ ቆሜ ብጠይቅ እኔንም ጨመሩኝ። ክፍሉ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። መብራት አልገባለትም፤ በመኪና ባትሪ የምትሠራ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላለች። በሩ ሥር የምንጸዳዳበት፣ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። አዲስ የገባች ሴት ባልዲው አጠገብ ትተኛለች፤ ሌላ አዲስ እስክትመጣ ድረስ።

ከእኔ በኋላ አንዲት ወጣት አመጡ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ አለች። ጫማዋ ንጹሕ ነበር። ለምርመራ ጠርተዋት ቶሎ ተመለሰች፤ ሰውነቷ ላይ ምንም አይታይም። የክፍላችን አለቃ ኦሎምፒያ ሱቅ የነበራት ሴት ናት። ጠጋ ብላ «እማማ፣ ይቺ ጆሮ ጠቢ ናት። አፍዎን ይጠብቁ» አለችኝ። እኔም ቀድሜ ጠርጥሬያት ነበር።

በዚያ ሰሞን አንዲት የወሎ ነጋዴ በተቅማጥ ወደቀች። የምንጠጣው ውሃ ደፍርሶ ነው የሚመጣው። መድኃኒት ስንጠይቅ «ነገ» ይሉናል። ነገ ሲሆን ደግሞ «ነገ»።

ወጣቷ ጠባቂዎቹ የጣሉትን የባትሪ ድንጋይ ሰባብራ ከውስጡ ጥቋቁር ዘንጎች አወጣች። የአምፖሏን ሽቦ ነቅላ ዘንጎቹ ላይ አሰረች፤ ከምግባችን በተረፈ ጨው የበጠበጠችው ውሃ ውስጥም፣ በጣሳ፣ ነከረቻቸው። ክፍሉ ጨለም አለ፤ በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረን። ውሃው አረፋ ማውጣት ጀመረ፤ ቆይቶም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች አለቃችን።

«በረኪና። ኤሌክትሪኩ ጨውና ውሃውን ይለውጠዋል። ጥቂት ጠብታ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ብንጨምር ለታመመችው…»

«ከጨው በረኪና? ጅል መሰልንሽ? መርዝ አስይዘው ነው የላኩሽ! ጠባቂ እጠራለሁ።»

ጠባቂ ቢመጣ ልጅቷን ምን እንደሚያደርጓት እናውቃለን።

«ማንም አይጠራም» አልኩ። «መጀመሪያ ይታይ።»

የጥቁር ቀሚሴን ጫፍ ቀድጄ ጣሳው ውስጥ ነከርኩት። ቆየት ብሎ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። በረኪና ስንት ልብስ አበላሽቶብኛል፤ አልስተውም።

ልጅቷ ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ጨመረች። ጠብቀን በኩባያ ቀዳን።

«ራሷ ትጠጣ!» አለች አለቃችን።

ጠጣች፤ እስከ መጨረሻው።

«ማርከሻውን ቀድማ ወስዳ ቢሆንስ?»

ይሄኔ ተናደድኩ። «ጠጪ አልሻት፣ ጠጣች። አሁን ደግሞ ሌላ ታመጫለሽ? እኛንስ እዚህ ያስገቡን እንደዚሁ እያደረጉ አይደለም?»

ኩባያውን ተቀብዬ ቀዳሁ። ልጄ ትዝ አለኝ፤ ጠጣሁት። በረኪና በረኪና አለኝ፤ ልብስ ያጠብኩበትን ቀን የጠጣሁ መሰለኝ።

«እማማ፣ አመኑኝ?» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ።

«አላመንኩሽም። ግን ያሉሽን ሁሉ አድርገሻል።»

ነጋዴዋ ከዚያ በኋላ ከዚያው ውሃ ትጠጣ ጀመር። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀና አለች፤ «ምነው፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አስገባችሁኝ እንዴ?» ብላ አሳቀችን።

እኔ ግን የጠጣሁ ዕለት፣ ሲመሽ፣ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ባልዲው አጠገብ ዘረጋሁ።

«እማማ፣ ቦታዎ እዚያ ነው እኮ» አለችኝ ወጣቷ።

«ዛሬ አንቺ እዚያ ተኚ።»

«ተራዬ አልደረሰም።»

«ደርሷል አልኩሽ።»

እሷ ከሁላችንም ቀድማ ተፈታች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በቅርቡ ወሎ ሰፈር ታክሲ ውስጥ አገኘኋት፤ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እማማ፣ አሁንም ይጠረጥሩኛል?»

«አዎ» አልኳት። ሳቀች፣ ዘንቢሌን ተቀብላም ያዘችልኝ።

ከማን ጋር እንደነበረች ልምልላት አልችልም። ስለ ውሃው የሚጠይቀኝ ካለ ግን፣ ውሃው ንጹሕ ነበር።