ከፈነዳው ኮከብ ስንት እርምጃ

መርዳሳ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳት ለኩሷል። ሸንኮራ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ነፋሱን አይቶ፣ ማን የት እንደሚቆም ወስኖ ክብሪቱን የሚጭረው እሱ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምረው ከእሳቱ ሠላሳ እርምጃ መራቅን ነበር። «ከዚያ ቀርበህ ቆመህ ቅንድብህ ቢነድ፣ ሚስትህ አላውቅህም ብላ በሯን ብትዘጋብህ እኔ የለሁበትም» ይላል።

በ1979 ዓ.ም. መጋቢት ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት በገዛ ቤቱ አልሠራለትም። ሬዲዮ በደቡብ ሰማይ አንድ ኮከብ መፈንዳቱን ተናገረ። ወሬው የሠራተኞቹ መንደር ሲደርስ እሳቱ ወደ ምድር እየገሰገሰ ነው፣ ለፋሲካም ይደርሳል ተባለ። ሚስቱ በላይነሽ ዓለም የሚያልቅ ከሆነ ቡልጋ ከእናቷ ጋር ልትሆን ቆረጠች፤ ልጃቸውን ዘርፉንም ይዛ። ዘርፉ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ማትሪክ ተቃርቧል። ሐሙስ አውቶቡስ ከተሳፈረች ፈተናው አመለጣት ማለት ነው። መርዳሳ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሽማግሌም ላከ። በላይነሽ የልጇን ልብስ ከራሷ ጋር በአንድ ጓዝ አሰረች።

ማክሰኞ መርዳሳ ናዝሬት ሄዶ የዘርፉን የፊዚክስ መምህር ንዋይን አገኘ። ውሸት ነው እንዲለው ጠብቆ ነበር፤ መምህሩ ግን ኮከብ በቅርብ ቢፈነዳ በእርግጥ እንደሚጎዳን ነገረው። የሚደርስብን እሳት ሳይሆን ጨረር ነው። በአየሩ ከፍታ ላይ እንደ ጣራ የሚጋርደንን ስስ ሽፋን ይበጣጥሰዋል፤ ያን ጊዜ የገዛ ፀሐያችን ክፉ ጨረር ያለ ከልካይ ወርዶ አዝመራውንም በውሃ ውስጥ የሚኖረውንም ይጎዳል።

«ይህ የሚያሰጋው ግን እስከ ሃምሳ የብርሃን ዓመት ያህል ቢሆን ነው» አለ ንዋይ። «የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን ዓመት ሙሉ ሳያርፍ የሚሄደው መንገድ ነው። ይህ ኮከብ መቶ ስድሳ ሺህ ይርቃል።»

መርዳሳ አሰበ። መቶ ስድሳ ሺህ ብሎ ቤቱ ቢገባ በላይነሽ አትሰማውም። ከዚያ፣ ሃምሳውን የእኔ ሠላሳ እርምጃ ብናደርገውስ ሲል ጠየቀ። መምህሩ ተደስቶ ጠመኔ አነሳ። መቶ ስድሳ ሺህ ለሃምሳ ሲካፈል ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፤ በሠላሳ ሲባዛ ዘጠና ስድስት ሺህ እርምጃ። መርዳሳ መንገዱን በልቡ ለካው፤ ከወንጂ እንደ ወፍ በቀጥታ ቢበሩ ዝዋይ ያደርሳል።

ረቡዕ አመሻሽ በላይነሽን ወደ ማሳው ወሰዳት። መምህር ንዋይም ለማየት ጓጉቶ መጥቶ ነበር። እሳቱ ሲነሳ ሠላሳ እርምጃ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ስድሳ ላይ ገለጠችው፤ መቶ ሃያ ላይ ብርሃኑ ብቻ ቀረ። የኮከብ ጨረርም እንዲሁ እንደሚደክም፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ እንደሚሆን መምህሩ አስረዳት።

«በእነዚህ እርምጃዎች ብንለካው ኮከቡ ከዚህ እስከ ዝዋይ ይርቃል፤ አሁን ዝዋይ ነኝ በይ» አላት መርዳሳ። «እዚያ የምትኖረው እህትሽ አሳየች ቤቷ ሆና ይኸ እሳት ይለበልባታል?»

«አሳየች እንኳን የወንጂን፣ የምድጃዋንም እሳት አታውቀው። ወጧ ሁልጊዜ ጥሬ ነው።»

ሳቁ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ ወደ መምህሩ ዞረች። «ከዚህ ኮከብ የሚቀርብ፣ የሚፈነዳ ሌላ የለም?»

ንዋይ የደበቃት ነገር የለም። አንድ ያረጀ ቀይ ኮከብ አለ፤ እሱም ቢሆን ከሃምሳው እጅግ ይርቃል። አንድ ቀን መፈንዳቱ ግን አይቀርም።

«መቼ?»

«ነገ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም እትዬ በላይነሽ፤ ማንም አያውቅም።»

«እኔን ያስፈሩኝ ቀኑን እናውቃለን ያሉት ናቸው» አለች።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጓዙን ፈትታ የዘርፉን ልብስ አወጣች። ወሬው ቡልጋ ሳይደርስ እንደማይቀር፣ እናቷም ብቻዋን እየፈራች እንደምትሆን ተናግራ፣ አውቶቡሱ ላይ ለብቻዋ ወጣች። ዘርፉ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያመልጣት ክፍል ገባች።