ለድረ ገጽ የሚሆን ምስጋና

የእህቴ ልጅ ቢቸና ላይ የከፈተችውን ቤት መጀመሪያ በኮምፒውተር ሳየው ሦስት ፈረንጆች ያመሰግኑት ነበር። አንደኛዋ ጥርሷን እስከ መንጋጋዋ ገልጣ «ይህ ቤት ሕይወቴን ለወጠው» ትላለች። ቢቸና የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ የምታውቅ አትመስልም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኩት ድረ ገጹን የሚሠራውን ወጣት። ሞጣ፣ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርን።

«ከተዘጋጀው የድረ ገጽ ንድፍ ጋር የመጡ ናቸው ጋሼ። የእኛ ሰዎች እስኪተኳቸው ቦታ ይዘው ነው።»

ቤቱ ከፊት ቡና ቤት ነው፤ ማኪያቶም ሻይም ይሸጣል። ከኋላ ኢንተርኔትና ጄኔሬተር ያለው ሰፊ ክፍል አለ፤ ሥራ ያለው ሰው ላፕቶፑን ወይም ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ሲሠራ ይውላል። የእህቴ ልጅ ይህን ለመክፈት የባንክ ሥራዋን ስትለቅ በሙሉ ድምፄ ተቃውሜ ነበር። የቢቸና ሰው ከጎረቤቱ ለመሸሽ ካልሆነ ገንዘቡን አያወጣም፣ አጠገቡ ተቀምጦ ለመሥራትማ በጭራሽ፣ አልኩ። አባባሉ ቆንጆ ነበር፤ ክፍሉ ግን የስልክ ኢንተርኔት እየሄደ እየመጣ ባስቸገረበት በዚያ ሰሞን ቀስ በቀስ ሰው አገኘ። ቀስ በቀስ የሚመጣ ደንበኛን ደግሞ የቤት ኪራይ አይጠብቀውም።

ያኔ ነው ከባሕር ዳር አንድ የመስኖ ፕሮጀክት የደወለው። ሠራተኞቹ በጋውን የሚሠሩበት ቦታ ይፈልጋል። የቢቸናም የሞጣም ሆቴሎች አዳራሻቸውን አቅርበዋል። «ዌብሳይታችሁን ላኩልንና በዚህ ሳምንት እንወስናለን» አሏት። እነሱ ከቀሩ ቤቱ ክረምቱን እንደማይሻገር እሷም እኔም እናውቃለን። ባንኩም ወንበሯን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

«ፈረንጆቹን አውጣቸውና ይህን የአስተያየት ነገር ተወው» አልኩት ወጣቱን።

«አይሆንም ጋሼ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሌላው ምን አለ የሚለውን ነው። እርስዎ መቼም ቃል አይቸግርዎትም፤ ከደንበኞቹ ትንሽ ትንሽ ይሰብስቡልኝ።»

የጠየቀኝ ነገር ክብደቱ የገባኝ ቢቸና ስመለስ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም። ያመሰገነ ሰው ወይ ሊለምን ነው፣ ወይ ዐይኑ ክፉ ነው። የሚያምር ሕፃን ያየች ጎረቤት እንኳ እትፍ እትፍ ብላ «ይቺ አስቀያሚ» ትላለች። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ሁሉ ነገር ድንቅና ልዩ በተባለበት ዘመን ምስጋናን መቆጠብ ጨዋነት ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ። አሁን ግን የክርክሬ ዋጋ በእህቴ ልጅ ላይ ሊወድቅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሰው ደጁ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ቤቱን እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ለድረ ገጹ ነው።»

«አይከፋም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ልበልህ? ልጅቷን ዐይን ውስጥ ላስገባልህ? ወንበሩ ይቆረቁራል፤ ጻፍ።»

«ታዲያ ከቆረቆረዎት ለምን በየቀኑ ይመጣሉ?»

«የት ልሂድልህ ታዲያ?»

ቀጥሎ በርቀት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራዋን መምህርት ጠየቅኳት። ከላፕቶፗ ቀና አላለችም። «ልጅቷ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ታስነሳለች፤ ወሬ አታበዛም» አለች። ደግሞም «እዚህ ‹እማዬ› ብሎ የሚጠራኝ የለም» ብላ ጨመረች።

ለወጣቱ በስልክ አነበብኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምስጋና ነው ክስ?»

«ቢቸና ነው።»

ሳቀ። «ሞጣም ያው ነው። አባቴ ሱቁ ውስጥ ላለው ምርጥ ጨርቅ የሚሉት ‹ይለበሳል› ነው። ከዚያ በላይ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ ግን ያንኑ ነው የሚገዛው።» ፈረንጆቹን አውጥቶ የሁለቱን ቃል እንዳለ ለማስገባት ተስማማ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ሆነ።

«እሱን እርስዎ ይጻፉት ጋሼ» አለች የእህቴ ልጅ።

ስለ ከተማ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ሥራ ክብር ጥሩ አድርጌ ጻፍኩ። ቆማ አነበበችው።

«ይሄ ስለ ቤቴ ነው ስለ እርስዎ?»

ቀደድኩት። በምትኩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይዘልቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ስመጣ ቦታዬን ሰው ይዞብኛል።» እሷ አነበበችና ወደ ሞጣ ላከችው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሲደውል የቡና ማሽኑ አጠገብ ነበርን። እጇ ወተት ስለነካው ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እነዚህ አስተያየት የሰጡት ሰዎች እውነት አሉ?» አለ ሰውየው።

«አሉ። አንደኛው አሁንም ፊት ለፊቴ ማመልከቻ እየጻፉ ናቸው።»

«ወንበሩ ይቆረቁራል ይላል።»

ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ ወደ ወለሉ አየሁ።

«ይቆረቁራል» አለች።

«የሆቴሎቹን አነበብኩት፤ ሁሉም ገነት ነው። ገነት ውስጥ ደግሞ ሰው ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እኔም የዚያው አገር፣ የሉማሜ ልጅ ነኝ፤ አይከፋም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወንበር እኛ ይዘን እንመጣለን።»

ወንበሮቹ በፒክአፕ መጡ፤ የሚሽከረከሩና መደገፊያ ያላቸው። አንዱን ለጡረተኛው ጸሐፊ ሰጧቸው። ተቀመጡ፤ ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። መምህርቷ እንኳ ከላፕቶፗ ቀና ብላ ትጠብቅ ነበር።

«ይቀመጡበታል» አሉና ብዕራቸውን አነሱ።

የእህቴ ልጅ ከማሽኑ ኋላ ሆና ሰምታቸዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ኩባያ ማጠብ ጀመረች። ኩባያው የታጠበ ነበር።