የሁዳዴ ዝንቦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አንድ ጊዜ ጀምሬው ነበር፤ ነገሩ ስለ ዝንብ መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ ቢሉ ሳልጨርሰው ተውኩት። ኃጢአቱ ግን በዝንብ ላይ የተሠራ አልነበረም። በሰው ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን የማስተምር የባዮሎጂ ተመራማሪ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት እርጅናና ዘረመል ምን እንደሚያገናኛቸው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በማጥናት ነው። ዝንብ ቶሎ ትወልዳለች፣ ቶሎ ታረጃለች፤ በሰው ላይ ዕድሜ ልክ የሚወስደውን በእሷ ላይ በጥቂት ወራት ታያላችሁ።

ከዓመታት በፊት ዘረመላቸው የተለወጠ ዝንቦች ነበሩኝ። ካልተለወጡት ይልቅ ረጅም ይኖራሉ ብዬ ተስፋ አድርጌባቸዋለሁ። የዝንብ ምግብ ከበቆሎ ዱቄት፣ ከስኳርና ከእርሾ ይቀቀላል። የታዘዘው እርሾ ሲዘገይብኝ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ከሚጠምቁት ጠላ አተላውን እየወሰድኩ በእርሾው ፈንታ እጨምር ነበር። የእርጅና ሳይንስ በአተላ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሠርቻለሁ፤ ኮርቼበትም ነበር። ታዲያ ሁዳዴ ገባና እትዬ በለጡ መጥመቅ አቆሙ። ያልተለወጡት ዝንቦች ምግብ አስቀድሞ ከነአተላው ተቀቅሎ ተቀምጧል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ምግብ ቶሎ አይበላሽም። ለተለወጡት ልቀቅል ስል ግን አተላ የለም። በዱቄትና በስኳር ብቻ ቀቀልኩላቸው። ከፋሲካ በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ።

የተለወጡት ረጅም ኖሩ።

ምግቧ የሳሳባት ዝንብ ዕድሜዋ እንደሚረዝም በእኛ ሙያ ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል። እኔ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት አስቤው ነበር? እዚህ ላይ ነው የሚጠፋብኝ። አንዳንድ ቀን ድስቱ ፊት ቆሜ «ይሄ ነገር ኋላ ጣጣ ያመጣብኛል» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ይህን ያልኩት ከዓመታት በኋላ በሐሳቤ ይመስለኛል። ምናልባት ዘረመሉም የራሱ ድርሻ ነበረው። ምናልባት። ግን ካላወቅሁ ሙከራውን ለምን አልደገምኩትም? ጥናቱ ታተመ፣ እድገት አገኘሁ፣ ሰው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

የደገመችው ማህሌት ናት፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ፣ የአንኮበር ቄስ ልጅ። እሷ እርሾው በጊዜ ደርሶላት ሁሉንም እኩል መገበች። ዝንቦቹም እኩል ሞቱ። እየፈራች ቢሮዬ መጣች።

«ዶክተር፣ ምናልባት የእኔ እጅ ይሆን እንዴ ያበላሸው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አተላ ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ሳይሆን አይቀርም፤ ዝንብ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ስታዛውሪ ትቸኩያለሽ» አልኳት። ቸኩላ አታውቅም። ይህንኑ በመምህራን ስብሰባ ላይ ደገምኩት። ለሦስተኛ ዲግሪ ልትላክ ታስቦ ነበር፤ ቀረ። ለምን አልኩት? ፈርቼ ነው? ቀንቼባት ነው? ወይስ በዚያች ደቂቃ እውነት መስሎኝ ነው? መልሱ በጠየቅሁ ቁጥር ይለዋወጥብኛል፤ ያልኩት ግን አይለወጥም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ማህሌት ዛሬ እነዋሪ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ባለፈው ወር ተማሪዎቿን ቤተ ሙከራችንን ልታስጎበኝ ይዛ መጣች። አቅፋ ሳመችኝ። የዝንብ ጠርሙስ ላቀብላት ስል እጇን ሰበሰበች።

«ኧረ ለልጆቹ ይስጧቸው ዶክተር! የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም፤ እርስዎ ያውቁት የለ?» ብላ ሳቀች። ተማሪዎቿም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚህኛው ግራ የሚያጋባኝ ነገር የለም። ያን ቀን ሁሉንም እያወቅሁ ነው የሳቅሁት።

ስልኳ አለኝ። እነዋሪም ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ተቀምጬ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ከእሷ አስቀድሜ ለእናንተ መናገሬ ራሱ ሌላ ፍርሃት መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሷ ፋንታ ነው፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።