የዓሣ አጥማጁ አይጥ

መስከረም 2016 ይመስለኛል፤ ወይስ ጥቅምት ነበር? ከጣና ዳር አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ የሸሚዛቸውን ኪስ የበሳሳችውን አይጥ ከታንኳቸው ጫፍ አስቀምጠው «ሂጂ» ይሏታል። ትሮጣለች። «ተመለሽ» ሲሏት ዞራ መጥታ ከመዳፋቸው ቆሎ ትወስዳለች። በተመለሰች ቁጥር ግን ዓይናቸው እሷን አልፎ የዓባይ ማዶን መንገድ ያያል።

«አባባ፣ መረብ የምትበላዎትን ያሳድጋሉ እንዴ?» አለቻቸው ዓሣ ሻጯ ኢልሃም እየሳቀች።

«ተመለሽ ስላት ትመለሳለች» አሉ። «ልጄን ግን ሂድ ብቻ ነው ያልሁት። ይኸው ሦስት ዓመቱ።»

ኢልሃም ሳቋን ዋጠች። ወዴት እንደላኩት ልጠይቃቸው ቃል ስመርጥ፣ አይጧን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ቀዘፉ፤ ታንኳቸው ከደንገሉ ጀርባ ተሰወረ።